ከፍለህ እይ፦ በቦክስ ታሪክ ትልቁ ገበያ የማን ነው?

ሰሞኑን ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ ተከራክረው ተከራክረው ዳኝነቱን ወደ እኔ ላኩት። ጥያቄው «በቦክስ ታሪክ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያየው ቦክሰኛ ማነው?» የሚል ነው። አንዱ ሜይዌዘር ነው አለ፣ ሌላው ታይሰን። የሜይዌዘሩ ወገን መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ ቁጥር አይዋሽም» ብሎ ዘጋው። ቁጥር ላይዋሽ ይችላል። ግን ቁጥር ራሱ አፍ የለውም፤ የሚያናግረው ሰው አለ። ስለዚህ በሁለት መስመር ከመፍረድ ታሪኩን ከሥሩ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ነገሩ ራሱ እንግባባ። ፔይ-ፐር-ቪው የሚባለውን «ከፍለህ እይ» ብንለው ያስኬዳል። ለኬብል ወይም ለሳተላይት ቴሌቪዥን በየወሩ ከምትከፍለው ሌላ፣ ለአንድ ምሽት ፍልሚያ ለብቻው ትከፍላለህ። ታዲያ የሚቆጠረው ሰው አይደለም፤ ቤት ነው። አንድ ቤት አንዴ ከገዛ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሰው ይቀመጥ ሃያ፣ አንድ ሽያጭ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ሰው ቤት መሰብሰብ የተለመደ ነው። ሬስቶራንትና ባር ደግሞ በቤት ሂሳብ ማሳየት አይፈቀድላቸውም፤ ሌላ የንግድ ክፍያ አለባቸው። ስለዚህ «4 ሚሊዮን ተሸጠ» ሲባል 4 ሚሊዮን ሰው አየው ማለት አይደለም። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ከሲኒማ አዳራሽ ወደ ሳሎን

ሰው ቤቱ ሆኖ መክፈል ከመጀመሩ በፊት የሚከፍለው አዳራሽ ሄዶ ነበር። ፍልሚያው በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶችና ስታዲየሞች ይተላለፋል፤ ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ ገብቶ በትልቅ ስክሪን ያያል። የዚያ ዘመን ትልቁ ምሽት 8 ማርች 1971 ነው። ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ጆ ፍሬዘርና መሐመድ አሊ። ሁለቱም እስከዚያች ሌሊት ድረስ አንድም ጊዜ አልተሸነፉም። አሊ በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ማዕረጉን ተነጥቆ፣ ከ3 ዓመት በላይ ከሪንግ ርቆ ገና መመለሱ ነው። ለእያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላቸው፤ ለዚያ ዘመን ጆሮን የሚያስይዝ ገንዘብ ነው። በመላው ዓለም ወደ 300 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ይገመታል። «ይገመታል» የምትለውን ቃልም ያዙልኝ።

ፍሬዘር አሊን በ15ኛው ዙር መሬት ላይ ጥሎ በነጥብ አሸነፈ። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ በኦክቶበር 1974፣ አሊ ኪንሻሳ ላይ ከጆርጅ ፎርማን ጋር ተገናኘ። የሞቡቱ መንግሥት ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው አደረገ። ፍልሚያው የተጀመረው ግን በአገሬው ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ለምን? ኒውዮርክ ላይ ያ ሰዓት ገና ማታ ስለሆነ። የኪንሻሳ ሕዝብ ሌሊቱን ስታዲየም ያደረው አሜሪካዊው እራቱን በልቶ እንዲያይ ነው። ገበያው የት እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው ሰዓቱን ይይ። እኛም እስከ ዛሬ የላስ ቬጋስን የቅዳሜ ማታ ፍልሚያ እሁድ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ዓይናችንን እያሸን የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1980ዎቹ ኬብል ቴሌቪዥን በአሜሪካ ቤቶች ሲስፋፋ ገንዘቡ ቀስ በቀስ ከአዳራሽ ወደ ሳሎን ዞረ። የዘመናዊው «ከፍለህ እይ» ትልቅ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው በኤፕሪል 1991 ኢቫንደር ሆሊፊልድ የ42 ዓመቱን ጆርጅ ፎርማንን የገጠመበት ምሽት ነው። 1.4 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። ሰዉ የገዛው የሻምፒዮኑን የሆሊፊልድን ጥበብ ለማየት ብቻ አልነበረም። «ይሄ ሽማግሌ ሊችል ነው እንዴ?» የሚለውን ለማየትም ነው። ፎርማን ተሸነፈ፣ ግን 12ቱን ዙር ቆሞ ጨረሰ፤ ሕዝቡም ወደደው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰንሰለት ባጭሩ ልደርድረው። በ1996 ሆሊፊልድና ታይሰን ሲገናኙ 1.6 ሚሊዮን ገደማ። በ1997 ሲደግሙት፣ ያቺ ጆሮ የተነከሰችበት ማለት ነው፣ ወደ 2 ሚሊዮን። በ1999 ኦስካር ዴ ላ ሆያና ፌሊክስ ትሪኒዳድ 1.4 ሚሊዮን፤ ከባድ ሚዛን ላልሆኑ ቦክሰኞች በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። በ2002 ሌኖክስ ሉዊስና ታይሰን ሜምፊስ ላይ እንደገና ወደ 2 ሚሊዮን። በ2007 ዴ ላ ሆያና ሜይዌዘር 2.4 ሚሊዮን። በ2013 ሜይዌዘርና ካኔሎ አልቫሬዝ 2.2 ሚሊዮን። በሜይ 2015 ሜይዌዘርና ፓኪያዎ 4.6 ሚሊዮን፤ ዋጋው እስከ መቶ ዶላር፣ ገቢው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ። በ2017 ሜይዌዘርና ማክግሬገር 4.3 ሚሊዮን።

እንግዲህ ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ አልቋል። ከላይ ያሉት አራቱ ትልልቅ ሽያጮች በሙሉ ሜይዌዘር አለባቸው። የተማሪዬ «ቁጥር አይዋሽም» የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ እጅ አያጨበጭብም

ግን ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት። እያንዳንዱ ቁጥር የሁለት ሰው ነው። 4.6 ሚሊዮኑ ውስጥ የሜይዌዘር ስንት ነው? የፓኪያዎስ? ማንም ለይቶ ሊነግረን አይችልም። ዴ ላ ሆያ በ2007 ሜይዌዘርን ሲገጥም በጊዜው እንደተነገረው 52 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ ሜይዌዘር 25 ሚሊዮን ነው የወሰደው። በሪንግ ያሸነፈው ሜይዌዘር ነው፤ በኪስ ያሸነፈው ዴ ላ ሆያ። ገበያው ያኔ የማን እንደነበር ክፍያው ራሱ ይናገራል። ዛሬ ግን ያንን 2.4 ሚሊዮን በሜይዌዘር ስም ብቻ የሚቆጥረው ብዙ ነው።

ታዲያ ጥንዱን እንዴት እንለያየው? እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው፦ ተቃራኒው ሰው እዚህ ግባ የማይባል በሆነበት ቀን ስንት ተሸጠ? ከታላቅ ሰው ጋር ብዙ መሸጥ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከማንም ጋር ብዙ መሸጥ ግን የአንድ ሰው ነው።

በዚህ ፈተና ሜይዌዘርን እንየው። በ2005 የመጀመሪያ «ከፍለህ እይ» ፍልሚያው ከአርቱሮ ጋቲ ጋር ነበር፤ ሽያጩ 400 ሺህ አልሞላም። ጋቲ ደግሞ ራሱ ተወዳጅ ሰው ነው። ወደ ሌላው ጫፍ እንሂድ። በሴፕቴምበር 2015፣ የ4.6 ሚሊዮኑ ምሽት ካለፈ ገና 4 ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው፣ አንድሬ ቤርቶን ገጠመ። ያው ሰው ነው፣ ያው አዳራሽ ነው፣ ሽንፈት የለበትም። ሽያጩ ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ፣ እንደ አንዳንዱ ዘገባ ደግሞ ከዚያም በታች ሆነ። ከ4.6 ሚሊዮን ወደ ግማሽ ሚሊዮን! ከአሥር እጅ ዘጠኙ የት ሄደ? ፓኪያዎና የ5 ዓመቱ ጥበቃ ይዘውት ሄዱ።

ፓኪያዎም ከዚህ ፈተና አያመልጥም። ከኮቶ፣ ከሞዝሊና ከማርኬዝ ጋር ከሚሊዮን በላይ የሸጠ ሰው፣ በ2014 ክሪስ አልጄሪ ከሚባል ብዙ ሰው ከማያውቀው ልጅ ጋር 400 ሺህ እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል። እዚህ ላይ ግን ለፓኪያዎ ልሟገትለት። እነዚህ ቁጥሮች በዋናነት የአሜሪካ ቁጥሮች ናቸው። እሱ ሲጫወት ፊሊፒንስ ውስጥ መንገዱ ጭር ይላል፤ ሕዝቡ በየሲኒማ ቤቱና በየአደባባዩ ተሰብስቦ ያያል። ያ ሁሉ ሕዝብ በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። እኔና እናንተም የለንበትም። በኬብል ሳይሆን በዲኤስቲቪ፣ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም ሊንክ የሚያይ ሰው በላስ ቬጋስ ሂሳብ አይቆጠርም።

አሁን ታይሰንን አምጡት። ኦገስት 1995 ነው። በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶበት ወደ 3 ዓመት ታስሮ በማርች ወጥቷል። ከመታሰሩ በፊት የነበረውን ጊዜ ስንጨምር ከ4 ዓመት በላይ አልተጫወተም። ተቃራኒው ፒተር ማክኒሊ ነው። ፒተር ማን? አዎ፣ ያኔም የተጠየቀው እንደዚሁ ነው። ፍልሚያው 89 ሰከንድ ፈጀ፤ የማክኒሊ ሰውዬ ራሱ ሪንግ ውስጥ ዘሎ ገብቶ አስቆመው። ሽያጩ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ። ይህንን ስታዩ በዚያን ጊዜ «ከፍለህ እይ»ን ማዘዝ የሚችለው የአሜሪካ ቤት በ2015 ከነበረው በጣም ያነሰ እንደነበር አትርሱ። ሁሉም ቤት የሚያስፈልገው ሣጥን አልነበረውም። ሆሊፊልድና ፎርማን ሁለት ሆነው በ1991 የሸጡትን ያህል ታይሰን ከማንም ጋር ሸጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ፍርዴን እዚሁ ላስቀምጥ። በገቢ ከሆነ ሜይዌዘር ነው፤ የሚከራከረው የለም። ብቻውን ቆሞ ሰው በመሳብ ከሆነ ግን ታይሰን ነው። ዴ ላ ሆያን ሦስተኛ አደርገዋለሁ፤ በ2006 ከሪካርዶ ማዮርጋ ጋር 900 ሺህ በላይ መሸጡ ምስክሬ ነው። ማዮርጋ ለወሬ እንጂ ለቀበቶ የሚፈራ ሰው አልነበረም።

ምንጩ ማነው?

ክፍል ውስጥ የተማራችሁኝ የምደጋግማትን ጥያቄ አትረሷትም፦ «ይህን የነገረን ማነው? ሲነግረን ምን ይጠቀማል?» ስለ ንጉሥ ዜና መዋዕል ስንጠይቅ የነበረውን ስለ ቦክስ ሽያጭም መጠየቅ አለብን።

የሽያጩን ቁጥር የሚያወጣው ማነው? ሻጩ ነው። የቴሌቪዥን ኩባንያውና ፕሮሞተሩ። እንደ ሲኒማ ገቢ በየሳምንቱ የሚታይ የሕዝብ መዝገብ የለም። ጥሩ ሲሸጥ መግለጫው ቶሎ ይወጣል፤ ሳይሸጥ ሲቀር ዝም ይባላል፣ ጋዜጠኛውም ከውስጥ አዋቂ ለቃቅሞ ይጽፋል። ለዚህ ነው ስለ ቤርቶው ምሽት የምታገኙት ቁጥር ከዘገባ ዘገባ የሚለያየው። ለዚህ ነው የ1971ዱም 300 ሚሊዮን «ይገመታል» የሚባለው። ከዚህ ላይ ዋጋውን ጨምሩ፦ መቶ ዶላሩ በሙሉ ለቦክሰኞቹ አይደርስም። በተለምዶ ግማሽ የሚጠጋውን የኬብልና የሳተላይት ድርጅቶቹ ይወስዱታል፤ ከቀረው ላይ ቴሌቪዥኑና ፕሮሞተሩ ይቆርጣሉ፤ ቦክሰኛው መጨረሻ ላይ ነው።

የሜይዌዘር እውነተኛ ብልጠት እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2006 ለፕሮሞተሩ ለቶፕ ራንክ 750 ሺህ ዶላር ከፍሎ ውሉን አፈረሰ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አብዷል ብሎት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ገቢው ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው እሱ ሆነ። አሊና ፍሬዘር 2.5 ሚሊዮናቸውን ተቀብለው ሲሄዱ ምሽቱ ያመጣው የቀረው ገንዘብ የሌላ ሰው ነበር። ሜይዌዘር ምሽቱን ራሱን ወሰደው። በቦክስ ታሪክ ውስጥ ይህ ከማንኛውም ዝረራ የሚበልጥ ለውጥ ነው፤ አሊን ለሚወድ ሰውም ማመን ያለበት እውነት ነው።

ሰው ግን ምን ገዝቶ ነው?

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ቡጢ ብቻ ቢሆን የሚሸጠው፣ ምርጥ ቦክሰኛ ሁልጊዜ ብዙ በሸጠ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ከሁሉም ሁለተኛ የሆነው የ4.3 ሚሊዮኑ ምሽት እኮ ሜይዌዘር አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ ያልነበረውን ማክግሬገርን የገጠመበት ነው! አንደኛው የ2015ቱ ምሽት ደግሞ ብዙዎች አሰልቺ ነበር ያሉት ነው፤ ፓኪያዎ ትከሻው እንደተጎዳ ሲሰማ የከፈሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር። አልተሳካላቸውም።

ሰው የሚገዛው ጠብ ነው። የራሱን ጠብ። አሊ ገና ወጣት ሳለ ጎርጀስ ጆርጅ የሚባል የነጻ ትግል ተጫዋች አዳራሽ ሲሞላ አየ፤ ሰዉ የሞላው ጉረኛው ሲመታ ለማየት ነው። አሊ ትምህርቱን ከዚያ እንደወሰደ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሜይዌዘርም «ፕሪቲ ቦይ» የሚለውን ስም ትቶ «መኒ» ሲሆን ያደረገው ይህንኑ ነው። ገንዘብ እየቆጠረ ካሜራ ፊት ቆመ። ግማሹ እሱን ሊያደንቅ ገዛ፣ ግማሹ ሲሸነፍ ሊያይ። 50 ጊዜ ተጫውቶ 50 ጊዜ አሸነፈ፤ የጠሉት ሰዎች ደግሞ 50ኛውም ላይ ከፍለው ገቡ።

ይህ ነገር ከቴሌቪዥን ይቀድማል። ለእኛ የሚቀርበውን ምሳሌ ልንገራችሁ። 25 ጁን 1935፣ ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። ጥቁሩ ወጣት ጆ ሉዊስ ከጣሊያናዊው ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ይገጥማል። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ጦሩን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እያጓጓዘ ያለበት ወቅት ነው። ለጥቁር አሜሪካውያን ያ ግጥሚያ ተራ ግጥሚያ አልነበረም፦ ሉዊስ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራ ጣሊያን ሆነው ታዩ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ረብሻ ይነሳል ተብሎ ስለተፈራ አስተዋዋቂው ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ ስፖርቱን በስፖርትነቱ ብቻ እንዲያየው ለመነ። ሉዊስ በ6ኛው ዙር ካርኔራን በዝረራ ጣለው፤ ሃርለም ጨፈረች። ከ3 ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 3፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ሁለቱም ቦክሰኞች ስለ እኛ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ሌላ ጉዳይ ነው። ሕዝቡ ግን ትኬት የቆረጠው አንድ ጥቁር አገር ሊወረር መሆኑ እያንገበገበው ነው። ቁጭቱን የሚያወጣበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ትልቅ ሳቢ የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ሌላው ሰው የራሱን ጉዳይ ትከሻው ላይ የሚጭንበት። 1971ም እንዲሁ ነበር። ቬትናምን የሚቃወመው አሊን ያዘ፣ ሌላው ደግሞ ምስኪኑን ፍሬዘርን ያለ ፈቃዱ የመንግሥት ሰው አደረገው።

ይህ ነገር መልካም ብቻ አይደለም። ታይሰን ከእስር ሲወጣ ገበያው ከበፊቱ ሰፍቶ ጠበቀው። ሜይዌዘርም የልጆቹን እናት በመደብደብ በ2012 ሁለት ወር ታስሮ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ከ200 ሚሊዮን ዶላር ሊያልፍ ይችላል የተባለ ውል ተፈራረመ። ገበያው የሰው ስም ሲጠፋ አይቀንስለትም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይጨምርለታል። ስለ «ትልቁ ሳቢ» ስናወራ የተጎዱትን ሴቶች ከታሪኩ ብናወጣቸው የሻጩን መግለጫ ገለበጥን እንጂ ታሪክ አልጻፍንም።

ገበያው ራሱን በላ

በሴፕቴምበር 1978 አሊ ሊዮን ስፒንክስን ኒው ኦርሊንስ ላይ ሲገጥም አሜሪካ ውስጥ በኤቢሲ ጣቢያ በነጻ ነው የታየው። አያትም ልጅም፣ ያለውም የሌለውም በአሥር ሚሊዮኖች አዩት። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ፍልሚያዎች አንድ በአንድ ከክፍያው በር ጀርባ ገቡ። በአንድ ሌሊት የሚገኘው ገንዘብ አደገ፤ ቦክስን ሳይከፍል እያየ የሚያድገው ልጅ ግን ቀነሰ። ኤችቢኦ በ2018 መጨረሻ ከቦክስ ወጣ፤ ሾውታይም በ2023 ተከተለው። ዛሬ ትልልቆቹን ግጥሚያዎች የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ የሳዑዲ ገንዘብ ነው። ኦሌክሳንደር ኡሲክ በ2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን አሸንፎ ከሌኖክስ ሉዊስ በኋላ የመጀመሪያው ያልተከፋፈለ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። እስቲ በየሰፈራችሁ ጠይቁ፤ ማይክ ታይሰንን የማያውቅ አታገኙም፣ ኡሲክን ግን ስንቱ ያውቀዋል?

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የ58 ዓመቱ ታይሰን ከዩቲዩበሩ ጄክ ፖል ጋር ወጣ። ተጨማሪ ክፍያ አልነበረም፤ ኔትፍሊክስ ያለው ሁሉ አየው። ኩባንያው 108 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ እንዳየው ተናገረ። ቁጥሩን አሁንም የነገረን ሻጩ ነው፤ ጥያቄዬን አትርሱ። ግን ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን፣ እግሩ የማይታዘዘው ሽማግሌ ታይሰን እጅግ ብዙ ሰው ፊት ቆመ ማለት ነው። ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ነው፦ ሜይዌዘር ከሁሉም በላይ ሸጠ፤ ሰው ስሙን ሰምቶ የሚነሳለት ግን ታይሰን ነው።

አሊንስ ለምን አላስገባህም የምትሉኝ ካላችሁ፣ የአሊ ዘመን በቤት ሽያጭ አይለካም፤ ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። የማትስማሙ ተከራከሩኝ። ግን ቁጥር ስታመጡ ቁጥሩን ማን እንደቆጠረው አብራችሁ አምጡ።